«ማንንም አልመርጥም» ያሉት 12 ሺህ ሰዎች

በእኛ ዕድሜ ካሉ ልጆች ጋር ስለ ምርጫ ወሬ ሲነሳ ጨዋታውን የምትዘጋ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «ተዉት ባካችሁ፣ ሁሉም ያው ናቸው!» ይህችን የተናገረ ሰው ከጠረጴዛው ዙሪያ ሁሉ የነቃ ይመስላል። አልተደለለም፣ አልተሸወደም፣ ማንንም አያጨበጭብም። ዛሬ ልናነሳት የፈለግነው ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ነው። በሕግ ታውቃ፣ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ታትማ የምትቆጠርበት ቦታ አለና። ቦታው ላስ ቬጋስ ያለችበት የአሜሪካ ግዛት ኔቫዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኔቫዳ በ1975 ሕግ አወጣች (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። በሕጉ መሠረት መላውን ግዛት በሚመለከት ምርጫ ላይ፣ ማለትም ለፕሬዚዳንት፣ ለሴናተር፣ ለአገረ ገዢና ለመሳሰሉት በሚደረገው ውድድር፣ ከዕጩዎቹ ስም ጋር አንድ ተጨማሪ መስመር ይታተማል። «ከእነዚህ ዕጩዎች ማንንም አልመርጥም» የሚል። ጊዜው የዋተርጌት ቅሌት ማግሥት ነበርና፣ በፖለቲከኞች የተማረረው ሰው ቤቱ ከሚቀር መጥቶ ምሬቱን ያስቆጥር ተብሎ ነው። ድምፁ ይቆጠራል፣ ውጤቱም ይፋ ይሆናል። የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሸነፍ። «ማንንም» አንደኛ ቢወጣ እንኳ አሸናፊ የሚባለው ከዕጩዎቹ መካከል ብዙ ድምፅ ያገኘው ነው።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ደርሷል። በ2014 ዴሞክራቶች ለአገረ ገዢነት የሚወዳደርላቸውን ሰው ሲመርጡ «ማንንም» 30 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ዕጩ የሆነው ግን 25 በመቶ ያገኘው ሮበርት ጉድማን ነበር። ጉድማን ኅዳር ላይ በሪፐብሊካኑ ብራያን ሳንዶቫል ክፉኛ ተሸነፈ።

አሁን ወደ 2022 የአጋማሽ ዘመን ምርጫ እንምጣ። ኖቬምበር 8 ቀን የኔቫዳ ሕዝብ ድምፁን ሰጠ። ወዲያው ግን ውጤት አልታወቀም። ኔቫዳ ለተመዘገበው መራጭ ሁሉ የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ ትልካለች። በምርጫው ዕለት ፖስታ ቤት የገባ ወረቀት ደግሞ እስከ አራት ቀን ዘግይቶ ቢደርስም ይቆጠራል። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ለቀናት ዓይኑን ኔቫዳ ላይ ተክሎ ከረመ። ቅዳሜ ኖቬምበር 12 ማታ የዜና ተቋማቱ ዴሞክራቷ ሴናተር ካትሪን ኮርቴዝ ማስቶ ማሸነፏን አወጁ። በዚያች ሰዓት ዴሞክራቶች 50ኛውን ወንበር ያዙ፤ ሴኔቱ በእጃቸው ቀረ።

ልዩነቱ ስንት ነበር? ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ካለው ድምፅ ውስጥ 7,928። ከአንድ በመቶ በታች። በዚያው ውድድር «ከእነዚህ ማንንም አልመርጥም» ያሉት ደግሞ ከ12 ሺህ በላይ ነበሩ። ተሸናፊው አዳም ላክሳልትና አሸናፊዋ ከተለያዩበት ቁጥር ሁለቱንም የናቁት ይበዛሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቸኩሎ መፍረድ ልክ አይመስለንም። «እነዚያ 12 ሺህ ሰዎች ናቸው ላክሳልትን የጣሉት» የሚል ካለ እስቲ ያስላው። ሁሉም ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ ቢባሉ፣ ላክሳልት እንዲያሸንፍ ከእነሱ ውስጥ ከአሥር ሺህ በላይ የሚሆኑት የግድ እሱን መምረጥ ነበረባቸው። ይህ ደግሞ የሚሆን ነገር አይመስልም። ያን ያህል ቢወዱት ኖሮ መጀመሪያውኑ አይተዉትም ነበር። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ምርጫው ካለቀ በኋላ እነዚህን ሰዎች ማን ፈለጋቸው? «ምን ሆናችሁ ነው?» ብሎ የጠየቃቸውስ ማን ነው?

በዚያው ቀን፣ በዚያችው ወረቀት ላይ የሆነውን ሌላ ነገር ተመልከቱ። ያው የኔቫዳ ሕዝብ ዴሞክራቱን አገረ ገዢ ስቲቭ ሲሶላክን አሰናብቶ ሪፐብሊካኑን ጆ ሎምባርዶን ሾመ። በ2022 በመላው አሜሪካ ወንበር ላይ እያለ ተወዳድሮ የተሸነፈ አገረ ገዢ ሲሶላክ ብቻ ነበር። ሰበቡ ብዙ ነው፤ ግን በ2020 ጸደይ በኮሮና ምክንያት ካዚኖዎቹ ከሁለት ወር በላይ መዘጋታቸውንና የግዛቷ ሥራ አጥ ወደ 30 በመቶ መድረሱን የረሳ አልነበረም። የኮርቴዝ ማስቶ ውድድር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበረው። በሰኔ 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፅንስ ማቋረጥ መብትን የሚያስጠብቀውን የቀድሞ ውሳኔ ሽሮ ነበርና እሷ ስለዚያ ደጋግማ ቀሰቀሰች። እንግዲህ ለሴኔት ዴሞክራት፣ ለአገረ ገዢነት ሪፐብሊካን ብሎ ምልክት ያደረገ መራጭ ነበር ማለት ነው። ይህ ሰው «ሁሉም ያው ናቸው» አላለም። አንዱን ከአንዱ ለየ። አንዱን ቀጣ፣ ሌላዋን አቆየ። ሲሶላክ ደግሞ ቅጣቱ ገብቶታል፤ ቤቱ ገብቷልና።

ላስ ቬጋስ የብዙ አገራችን ልጆች ከተማም ናት። ታክሲ ይነዳሉ፣ በሆቴሎቹና በካዚኖዎቹ ይሠራሉ፣ ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተዋል። በከተማዋ ደግሞ ኩሊነሪ የሚባል ወደ 60 ሺህ አባላት ያሉት የሆቴልና የካዚኖ ሠራተኞች ማኅበር አለ። አልጋ አንጣፊው፣ ወጥ ቤቱ፣ አስተናጋጁ ከመላው ዓለም የመጣ ነው። ይህ ማኅበር በ2022 አባላቱን አሰማርቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ በር ማንኳኳቱን ተናግሯል። ኔቫዳ ውስጥ የዴሞክራት ዕጩ ሆኖ ይህን ማኅበር የሚንቅ የለም። ለምን? አባላቱ ዕጩዎቹን ከሌላው ሰው አስበልጠው ስለሚወዱ አይደለም። ጥያቄያቸው ስለሚታወቅ ነው። ደመወዝ፣ ሕክምና፣ የቤት ኪራይ። ከድሉ ማግሥት ደጅ የሚጠና ሰውም አላቸው።

«ማንንም» ግን ባለቤት የለውም። አንዱ ሁለቱም ሌቦች ናቸው ብሎ፣ ሌላው ሁለቱንም ሳያውቃቸው፣ ሦስተኛው የሦስተኛ ፓርቲ ሰው ፈልጎ ሲያጣ ምልክት አደረገ። ሲቆጠር ሁሉም አንድ ላይ 12 ሺህ ሆኑ። ፖለቲከኛው ይህን ቁጥር አይቶ ምን ይማራል? ምንም።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ በየካቲት 2024 አየነው። በኔቫዳ በተደረገው የሪፐብሊካን የፕሬዚዳንት ዕጩ መምረጫ ዶናልድ ትራምፕ ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ በሌላ ቀን ፓርቲው ባዘጋጀው መድረክ ነበር የተወዳደረው። ኒኪ ሄሊ ግን ነበረች። የትራምፕ ደጋፊዎች ተነጋገሩ። አገረ ገዢው ሎምባርዶ ራሱ «ማንንም» እንደሚል በይፋ ተናገረ። ውጤቱ? «ማንንም» ከ60 በመቶ በላይ አግኝቶ ሄሊን በእጥፍ በለጣት። የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ጻፈው፣ መልእክቱም ለማንም ግልጽ ነበር። መስመሩ ያው መስመር ነው። የተለየው በዚህኛው ጊዜ ባለቤት ማግኘቱ ነው።

በ2021 የቨርጂኒያ አገረ ገዢ ምርጫ ላይም፣ የዋሽንግተን ዴሞክራቶች በሰሜኑ ጦርነት ላይ የያዙት አቋም ያስቆጣቸው የኢትዮጵያውያን ስብስቦች ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀስቅሰው ነበር። ያንግኪን ከ60 ሺህ በላይ ድምፅ በልጦ ነው ያሸነፈውና «ኢትዮጵያውያን አስመረጡት» ለማለት አንደፍርም። በአቋማቸው መስማማትም አለመስማማትም ይቻላል። ቁጣቸው ግን ስምና ጥያቄ ነበረው። ቤት ውስጥ ከማጉረምረም፣ ወይም «ማንንም» ብሎ ከመሄድ የሚለየው ይኸው ነው።

«ታዲያ የእኛ ጥቂት ድምፅ ምን ሊፈይድ?» ለሚለን ሰው ሌላ የኔቫዳ ታሪክ አለን። በ1998 የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ሃሪ ሪድ ሪፐብሊካኑን ጆን ኤንሳይንን በ428 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። አራት መቶ ሃያ ስምንት! በዚያ ምርጫም «ማንንም» ያሉት በሺዎች ይቆጠሩ ነበር። ሪድ ከስምንት ዓመት በኋላ የሴኔቱ የአብላጫው መሪ ሆነ። በ2009 የገና ዋዜማ የባራክ ኦባማን የጤና መድን ሕግ በሴኔት ያሳለፈው እሱ ነው፤ በ60 ድምፅ። ዴሞክራቶቹ ከዚያ አንድ እንኳ ቢጎድልባቸው ሕጉ ያን ቀን አያልፍም ነበር። በ1998 ላስ ቬጋስ ውስጥ «ምን ለውጥ ሊመጣ» ብሎ ቤቱ የተኛ ሰው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ስለ ሕክምና ወጪው የሚወሰነውን ነገር ነው የተኛበት።

ይህን ስንል የኔቫዳን መስመር እየናቅን አይደለም። እንዲያውም በየምርጫው ወረቀት ላይ ቢኖር ደስ ይለናል። ለሁለት መጥፎ ዕጩዎች መራጩ ምርኮኛ መሆን የለበትም። ተሰልፎ ቆሞ «አይሆንም» ያለ ሰው ሶፋው ላይ ተጋድሞ ከሚያማው ሰው ይሻላል። እኛ የምንለው ግን፣ «አይሆንም» ብቻውን ግማሽ መንገድ ነው። ሌላው ግማሽ «ይህ ቢሟላ ይሆናል» የሚለው ነው። እሱን ደግሞ ወረቀቱ ላይ ማተም አይቻልም። ከምርጫው በፊት ተሰባስቦ፣ ተጨቃጭቆ፣ ጽፎ፣ ዕጩውን ፊት ለፊት ጠይቆ የሚመጣ ነው። አድካሚ ነው፣ እናውቃለን። «ሁሉም ያው ናቸው» ማለት ይቀላል።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይህችን ዓረፍተ ነገር ከመናገራችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ፤ ያው እንዳይሆኑ ምን እንዲያደርጉ ትፈልጋላችሁ? መልሱ ካላችሁ፣ እሱን ይዛችሁ ወደ አደባባይ ውጡ። ከሌላችሁ ግን የነቃችሁ አይምሰላችሁ።