ተፈርዶልኛል፤ ገንዘቡስ?

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። እኔን ያንገበገበችኝ ግን ሌላ ናት፤ ተፈርዶልኝም ያልተመለሰችው ጭብጦዬ።

አቃቂ፣ ከግቢዬ ጀርባ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉኝ። እንደ ብዙው የአቃቂ ቃሊቲ አከራይ ለፋብሪካ ሠራተኛና ለሾፌር እያከራየሁ ጡረታዬን እደጉማለሁ። አንዱ ተከራዬ የአራት ወር ኪራይ፣ 24 ሺሕ ብር ሳይከፍል ዕቃውን በሌሊት ጭኖ ሄደ። ከሰስኩት፤ ውሉ በጽሑፍ ስለነበር ተፈረደልኝ። የፍርዱን ግልባጭ ይዤ ስወጣ ገንዘቡ ኪሴ የገባ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተኛ።

ለካስ ፍርድ ቤት ይፈርድልሃል እንጂ ዞሮ አይሰበስብልህም! የተፈረደለት ሰው የአፈጻጸም ማመልከቻ አስገብቶ መዝገብ ማስከፈት አለበት። ባለዕዳው የት እንዳለ፣ ምን እንዳለው፣ ዕዳው ከየት እንደሚከፈል ማመልከትም የራሱ ሥራ ነው። ፍርድ ቤቱ ባለዕዳውን ጠርቶ ስለ ንብረቱ ሊመረምረው ይችላል፤ መጥሪያው የሚደርስበት አድራሻ ከሌለ ግን ምኑን ይጠራዋል? ደግሞም ሕጉ ፍርድን ለማስፈጸም የሰጠው ጊዜ 10 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ነው።

አድራሻው ቢገኝስ ምን ይወሰድበታል? የሚለብሰውን፣ አልጋውንና ማብሰያውን፣ እንጀራ የሚበላበትን የሥራ መሣሪያ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አያስነካም። ትክክልም ነው። ብዙው ተከራይ ከዚያ የተረፈ የሚሸጥ ንብረት የለውም፤ ያለው ደመወዝ ነው። ከእሱም ቢሆን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ በላይ አይቆረጥም። 9 ሺሕ ብር ከሚያገኝ ሰው ቢበዛ 3 ሺሕ ማለት ነው።

«ምን አደከመህ፣ ገና ሳይወጣ በሩን ቆልፈህ ዕቃውን መያዝ ነበር!» ያሉኝ ጎረቤቶች አሉ። አይሆንም። በር ቆልፎ፣ መብራት ቆርጦ ዕዳ ለማስከፈል የሚሞክር አከራይ ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ይዞራል።

እኔ የምለው፣ ዕዳ የሚሰበሰበው ገና ውል ሲፈረም ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል አዟል። ብዙዎቻችን በግብሩ ምክንያት አጉረምርመናል፤ ችሎት ፊት ግን ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥም አዋጁ ስለወሰነ የስድስት ወር ተቀብሎ መዝናናት ቀርቷል። ስለዚህ የተከራዩን መሥሪያ ቤትና አንድ ዋስ ውሉ ላይ እናስፍር። እኔ ይህን ባለማድረጌ ነው ዓመት የጠፋብኝ።

ሰውዬው ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ መግባቱን የሰማሁት ከቀድሞ ጎረቤቱ ነው። የአፈጻጸም መዝገብ አስከፈትኩ፤ መጥሪያው በመሥሪያ ቤቱ ደረሰው። በማግስቱ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ልጄ ታማብኝ ነው፤ ፊትዎን ማየት አፍሬ ነው የጠፋሁት። ደመወዜ ላይ ደብዳቤ አይጻፍብኝ» አለኝ። እውነት ይሁን ሰበብ አላውቅም። በወር 2 ሺሕ ብር ሊከፍል ተስማማን፤ ስምምነቱንም ለፍርድ ቤቱ አቅርበን መዝገቡ ላይ አስያዝነው። ያላስመዘገቡት ስምምነት ለሌላ ጭቅጭቅ ነው የሚዳርገው።

እስካሁን ሰባት ወር ከፍሏል፤ አንድም አላሳለፈም። አንዳንዴ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ያንን 2 ሺሕ ብር የመጀመሪያው ወር ኪራይ ሲያልፍበት ጠርቼ «ትንሽ ትንሽ እያደረግህ ክፈል» ብለው ኖሮ፣ እሱም በሌሊት ባልሄደ፣ እኔም ችሎት ለችሎት ባልተመላለስኩ ነበር።