ቍጥር ያላቸው ቡናዎችና ያልተቈጠሩት እናቶቻቸው

በትረ አሮን በምስክሩ ድንኳን ባደረችባት በአንዲት ሌሊት ለምልማ፣ አብባ፣ ለውዝ አፍርታ መገኘቷን ኦሪት ይነግረናል። ተአምር ያልታደለው የእርሻ ሊቅ ግን፣ ለውዝም ይሁን ኮክ ወይም ቡና፣ የተሻለ የዛፍ ዘር መርጦ ለገበሬ ላስረክብ ብሎ ሲነሣ፣ ከመዝራት እስከ መጀመሪያው ፍሬ ሦስትና አራት ዓመት፣ ከዚያም የምርቱን ጽናት፣ የጣዕሙን ደግነትና በሽታን የመቋቋም ኀይሉን ለመመርመር ሌላ ብዙ ዓመት መታገሥ ስለሚገባው፣ በወጣትነቱ የጀመረውን ሥራ ብዙ ጊዜ በሽበቱ ይፈጽመዋል። ከ1880 ገደማ ጀምሮ የታወቀው የካሊፎርንያ ለውዝ፣ «ኖንፓሬይ» የተባለው፣ እስከ ዛሬ በዚያ አገር በምርት ቀዳሚ መሆኑ ለዛፍ ተተኪ ማግኘት ምን ያህል ብርቱ ነገር እንደ ሆነ ያስረዳል። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይገለጣል።)

በአገራችን ይህ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የተሠራበት ቦታ ጅማ ነው። የቡና ፍሬም ቢሆን በዕፅዋት ሊቃውንት አመዳደብ ከኮክና ከለውዝ ወገን ነው፤ ከውጭ ቆዳና ሥጋ፣ ከውስጥም ዘሩን የሚጠብቅ ጠንካራ ሽፋን አለውና።

በ1971 «ሲ.ቢ.ዲ.» የሚባለው የቡና ፍሬ ደዌ፣ በ1922 በኬንያ ታይቶ የነበረው፣ በኢትዮጵያ ተገኘ። እሸቱ ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቈረ ሲረግፍ፣ ኑሮውን፣ የልጁን መዳሪያና ዕዳውን ሁሉ በሚለቅመው ቡና ላይ የመሠረተው ገበሬ ምን እንደ ተሰማው መገመት አያዳግትም። መድኀኒት መርጨት አንድ መንገድ ነበረ፤ ነገር ግን በዛፍ ጥላ ሥር፣ በተዳፋት ላይ ተበታትኖ የሚገኘውን የድኻ ማሳ በየዓመቱ ደጋግሞ ለመርጨት የሚበቃ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ስለዚህ በ1967 በመልኮ የተቋቋመው የጅማ እርሻ ምርምር ጣቢያ ሊቃውንት፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከላከው ከሮቢንሰን ጋር፣ ወደ ሌላ መንገድ አዘነበሉ። ደዌው ክፉኛ በጨፈጨፈው ማሳ መካከል፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ፍሬያቸውን ሲያራግፉ ጤናማ ፍሬ ተሸክሞ የቆመውን ዛፍ እየፈለጉ ዘሩን ወሰዱ፤ የበቀለውንም ችግኝ ሆን ብለው በደዌው እየበከሉ ፈተኑት፤ የተረፈውን ተክለው ምርቱን መዘኑ። የእኛ ቡና ባብዛኛው በራሱ የወንዴ ዱቄት የሚዳቀል በመሆኑ የእናቲቱ ጠባይ በዘሯ ጸንቶ ይተላለፋል፤ ይህም ሥራውን እጅግ አፋጠነው።

በቢሻሪ መንደር፣ በመቱ አጠገብ፣ በ1974 ከተመረጡት ዛፎች መካከል 74110 እና 74112 የተባሉት በ1979 ለገበሬው ተለቀቁ፤ ለዛፍ ይህ እጅግ አጭር ዘመን ነው። ከቍጥሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱን፣ የቀሩት ተራውን ያመለክታሉ፤ ዘመኑን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር የጻፍሁትም ከዚህ ቍጥር ጋር እንዲስማማ ነው። ዛሬ እነዚህ ቍጥሮች ከኢሉባቦር አልፈው በብዙ አውራጃ ሲተከሉ ይታያሉ፤ የቢሻሪን ስም ግን ከሚተክሉት ስንቱ ያውቀው ይሆን?

ይህን ሥራ ከዘመናችን ታላላቅ ሥራዎች አንዱ አድርጌ ባየውም፣ ከስኬቱ የተወለደ አንድ ስሕተት ግን ያሳስበኛል። ሊቃውንቱ 74110ን አልፈጠሩትም፤ አገኙት እንጂ። ያገኙትም ብዙ ትውልድ ያለ መዝገብና ያለ ደመወዝ ሲተክለው፣ ሲያስቀረውና ሲለውጠው በኖረው ጓሮና ከዚያም ጀርባ ባለው ጫካ ውስጥ ነው። ስለዚህ የተመረጡትን ጥቂት ቍጥሮች በመትከል ሰበብ አሮጌውን ጓሮ ሁሉ ነቅሎ መጣል የዘር እህልን ቀቅሎ እንደ መብላት ነው። ነገ አዲስ ደዌ ቢነሣ፣ ወይም ዝናቡ ቢዛባ፣ መራጩ ከየት ይመርጣል? የደቡብ ምዕራቡ ምርጥ ዘር በሐረርና በሲዳማ እንደ አገሩ ቡና አልስማማ ሲል፣ ምርምሩ ራሱ ፊቱን ወደ እያንዳንዱ አውራጃ የራሱ ቡና መመለሱ የዚህ ማስረጃ ነው። ከሁለት ወላጆች በእጅ እየተዳቀለ በ1998 የወጣው «አባ ቡና» እንኳ ወላጆቹ ከዚሁ ሀብት የተገኙ ናቸው፤ ዘሩም የእናቱን ጠባይ ስለማይጠብቅ ገበሬው ከማሳው ለቅሞ ሊዘራው አይችልም።

ባዕዳን የዚህን ሀብት ዋጋ ከእኛ ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። በ1930ዎቹ ከጌሻ ጫካዎች የተለቀመው ዘር በኬንያና በታንጋኒካ በኩል ኮስታ ሪካ ደርሶ፣ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻግሮ፣ በ2004 በዚያ አገር ውድድር ዓለምን አስደነቀ። በዚያው ዓመት የብራዚል ሊቃውንት በ1964 ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበው ዘር መካከል ካፌይን የሌላቸው ያህል የሆኑ ሦስት ዛፎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። እኛ ልጃችንን ለባዕድ ሰጥተን በሰው አገር ሲከበር የምናጨበጭብ መሆናችን ያሳፍረኛል።

የቡና ዘር ደርቆ በቀዝቃዛ ጎተራ ለረጅም ዘመን እንደ ስንዴ አይቀመጥም፤ ሕይወቱን ጠብቆ የሚኖረው ይልቁንም ዛፍ ሆኖ ነው። ስለዚህ በጎማ ወረዳ፣ ጮጬ በሚባለው ስፍራ፣ ከ5,000 በላይ የቡና ዓይነቶች ተተክለው ይጠበቃሉ። የጎማ፣ የማና፣ የሊሙና የጌራ ገበሬ ሆይ፣ ስትጎነድልና ስትነቅል፣ በክፉው ዓመት ሳይታመም ያፈራልህን አሮጌ ዛፍ አትንቀለው፤ ለልማት ሠራተኛውም አሳየው። እናንተም ሹማምንት፣ ለጮጬ አራሚዎች፣ ለጥላ አስተካካዮችና ላረጀው ዛፍ ተተኪ ለሚተክሉት ሠራተኞች የሚከፈለውን ደመወዝ በየዓመቱ ሳታጓድሉ በበጀታችሁ መዝግቡ።