«በከባቢ አየር ግፊት»፦ በደጋ ለሚያድግ ናኖቲዩብ የማይበቃ ሐረግ

ካርቦን ናኖቲዩብን ስለማሳደግ የሚጻፉ የምርምር ጽሑፎች የእቶኑን ሙቀት፣ የጋዙን ፍሰት፣ የካታሊስቱን ዓይነትና የቆይታውን ደቂቃ በጥንቃቄ ይዘረዝራሉ። ስለ ግፊት ግን ብዙዎቹ «በከባቢ አየር ግፊት» ከሚል አጭር ሐረግ አያልፉም። ሥራው በባሕር ጠረፍ ከተማ የተሠራ ከሆነ ሐረጉ ብዙ አያሳስትም። ለደብረ ታቦር ግን አይበቃም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በዚያ ከፍታ ወደ 73 ኪሎፓስካል ይወርዳል፤ ከሩብ በላይ የሚሆነው ግፊት የለም ማለት ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ደጋ የሚካሄድ የናኖቲዩብ ምርምር የአካባቢውን ግፊት ለክቶ ሊመዘግብ፣ ከሌላ አገር የወሰደውንም የአሠራር ቀመር በዚያው ልክ ሊያስተካክል ይገባዋል።

ነገሩ ጥቃቅን ልዩነትን ማጋነን ሊመስል ይችላል። ናኖቲዩብ ግን ጥቃቅን ልዩነት ባሕርይውን የሚለውጠው ቁስ ነው። ባለ አንድ ግድግዳው ናኖቲዩብ የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ ተጠቅልሎ የሚፈጥረው ቱቦ ሲሆን የውፍረቱ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ናኖሜትር ነው። ንጣፉ የተጠቀለለበት አቅጣጫ፣ ካይራሊቲ የሚባለው፣ ጥቂት ሲዞር ቱቦው ከብረታማ አስተላላፊነት ወደ ሰሚኮንዳክተርነት ይለወጣል። ምርጫ ሳይደረግበት ካደገ ምርት ውስጥ ሲሦው ያህል ብረታማ፣ ቀሪው ሁለት እጅ ሰሚኮንዳክተር ይሆናል። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ዓለም ትኩረቱን ወደ ናኖቲዩብ ካዞረ ወዲህ የዘርፉ ትልቁ ጥያቄ ምርቱን ማብዛት ብቻ ሳይሆን አንድ ወጥ ማድረግ ሆኖ ቆይቷል።

የዚህ ጥያቄ ክብደት በተግባር ታይቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 178 ትራንዚስተሮች ያሉትን የናኖቲዩብ ኮምፒውተር ሲሠሩ ሰሚኮንዳክተሮቹን አጥፍተው ብረታማዎቹን በኤሌክትሪክ ማቃጠል ነበረባቸው፤ ሲያድጉ ያልተለዩትን ካደጉ በኋላ መልቀም ግድ ሆነ። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከቱንግስተንና ከኮባልት ቅይጥ በተሠራ ካታሊስት ከ92 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቱቦዎች አንድ ዓይነት ካይራሊቲ እንዲኖራቸው ማድረጉን አሳወቀ። ይህን የመሰለ ውጤት የሚገኘው በእቶኑ ውስጥ ያለው ሁኔታ ሁሉ ታውቆ ሲያዝ ነው።

በተለመደው በተን የማሳደግ ዘዴ ካርቦን ያለበት ጋዝ ወደ ጋለ የኳርትዝ ቱቦ ይገባል፤ በጥቃቅን የብረት ቅንጣቶች ላይ ይፈርሳል፤ የተለቀቀው ካርቦንም ከቅንጣቱ ላይ ቱቦ ሆኖ ይበቅላል። የካርቦኑ አቅርቦት ከቅንጣቱ መጠን ጋር መመጣጠን አለበት። አቅርቦቱ ሲበዛ ትናንሾቹ ቅንጣቶች በካርቦን ተሸፍነው ይታፈናሉ፤ ሲያንስ ትላልቆቹ ሳይነቁ ይቀራሉ። ስለዚህ የጋዙ ከፊል ግፊት የትኛው ቅንጣት እንደሚሠራና ምን ያህል ስፋት ያለው ቱቦ እንደሚያድግ ከሚወስኑት አንዱ ነው።

የደጋው አየር ጣልቃ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ የሚገባውም በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አንድ ተመራማሪ ሚቴንን ከሲሊንደር አውጥቶ ከሃይድሮጅን ጋር በመደበኛ ፍሰት መለኪያ ቢቀላቅል የጋዞቹ ድርሻ እንደ ቀመሩ ይሆናል። ጠቅላላው ግፊት ስለቀነሰ ግን የሚቴኑ ከፊል ግፊት በ28 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። ጋዙም በሰፊው ስለሚነፋ በቱቦው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ በዚያው መጠን ያጥራል። ሌላው ተመራማሪ አርጎንን በፈሳሽ ኤታኖል ውስጥ አሳልፎ ተኑን ቢያስገባ ሁኔታው ይገለበጣል። የኤታኖል የተን ግፊት የሚወሰነው በፈሳሹ ሙቀት ነው፤ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 5.9 ኪሎፓስካል ይሆናል፤ ከፍታ አይለውጠውም። የአርጎኑ ግፊት ግን በደጋ ያነሰ ነው። በባሕር ጠለል 100 የአርጎን ሞለኪውሎች 6 ያህል የኤታኖል ሞለኪውሎችን ይዘው ሲሄዱ በደብረ ታቦር 9 ያህል ይዘው ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ተመራማሪ ካታሊስቱን ሳያውቅ ያስርባል፤ ሁለተኛው በተመሳሳይ የአርጎን ፍሰት አርባ በመቶ ያህል ተጨማሪ ካርቦን ያስገባል። ሁለቱም «በከባቢ አየር ግፊት» ብለው ይጽፋሉ።

ይህ እውቀት ለደጋው ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በጉና ተራራ ዙሪያ ያለች ባለሙያ የባቄላ ንፍሮ ስትጥድ ከቆላው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜና ብዙ ማገዶ እንደሚያሻት ታውቃለች። በደብረ ታቦር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነውና። ባለሙያዋ ምጣኔዋን ከቦታው ጋር ታስማማለች። ቤተ ሙከራም ከማጀት ያነሰ ጥንቃቄ ሊኖረው አይገባም።

ጉዳዩ የአንድን ተማሪ ዕድሜም ይነካል። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሁለት ዓመት ነው፤ የመመረቂያ ምርምሩ የሚሠራበት ጊዜ ከዚያም ያጠረ ነው። የታተመውን ቀመር ቃል በቃል ተከትሎ የታተመውን ውጤት ያላገኘ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የገዛ እጁን ነው፤ ቀጥሎ ኬሚካሉን፣ ቀጥሎም እቶኑን ይጠረጥራል። ከመስኮቱ ውጭ ያለውን አየር የሚጠረጥረው ጥቂቱ ነው። በዚህ ፍለጋ ወራት ይባክናሉ፤ ውድ ጋዝም ያልቃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ልዩነቱ «የሙከራ ስሕተት» ተብሎ ሲታለፍ ነው፤ ያን ጊዜ እውነተኛ ግኝት ሊሆን የሚችል መረጃ ይጣላል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፣ የቫክዩም ፓምፕና የግፊት መቆጣጠሪያ ያለው ቤተ ሙከራ ከፍታ አያሳስበውም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ እቶን በቶኪዮም በደብረ ታቦርም አንድ ዓይነት ሁኔታ ሊፈጥር ይችላል። ነገር ግን ብዙ ጀማሪ ቤተ ሙከራዎች የከባቢ አየር ግፊትን የሚመርጡት ፓምፕ ስለማይጠይቅ ነው። ፓምፕ በተገኘበትም ቦታ ግፊት መለኪያው ከውጭው አየር ጋር እያነጻጸረ የሚያነብ ከሆነ የውጭውን ግፊት ሳያውቁ ንባቡን መተርጎም አይቻልም። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ የፋርጣ ገበሬ የአሲዳማ አፈር መፍትሔ በሚጠብቅበት አገር ናኖቲዩብ ቅንጦት ነው ይላል። ይህ ሊናቅ የማይገባው ጥያቄ ነው። የሚጠየቀው ግን አዲስ በጀት ሳይሆን አዲስ ልማድ ነው። ባሮሜትር ከቤተ ሙከራ ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ተርታ ነው፤ ግፊትን የመመዝገብ ልማድም ለአፈር ማሻሻያ ከሰል የሚያከስለውን፣ ጋዝ የሚለካውንና ፈሳሽ የሚያነጥረውን ተመራማሪ ሁሉ ያገለግላል።

ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ክፍሎች ሦስት ነገሮችን የመመረቂያ ጽሑፍ ግዴታ ቢያደርጉ ይጠቅማል። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ የማሳደግ ሙከራ ዕለት የተለካው ፍጹም የአየር ግፊት ነው። ሁለተኛው በፍሰት ቁጥር ብቻ ሳይሆን በከፊል ግፊት የተገለጸ የጋዝ ቅንብር ነው። ሦስተኛው የቱቦዎቹ አማካይ ስፋት ብቻ ሳይሆን ሥርጭቱም ጭምር ነው፤ አንድ ወጥነት በአማካይ አይታወቅምና። የራማን ስፔክትሮስኮፒም ሆነ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምርመራ በሌላ ተቋም ተሠርቶ ሊመጣ ይችላል፤ የዕለቱ ግፊት ግን በዕለቱ ካልተጻፈ ተመልሶ አይገኝም።

ከደብረ ታቦር ብዙም በማይርቀው ጋፋት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቅልጠው ሠርተዋል። መድፉ ወደ መቅደላ ተጎትቶ ዛሬም በዚያ ይታያል። የማቅለጡ ሥራ ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ሞት በኋላ ተደጋግሞ የሚሠራ ሙያ ሆኖ አልቀጠለም። አንድ ጊዜ መሥራትና ደግሞ መሥራት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ያለ መለኪያና ያለ መዝገብ አይገኝም።

ከፍታው ዕድልም ነው። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚሄዱበት ነው። የአየር ግፊታቸው ግን ከ82 ወደ 73 ኪሎፓስካል ይለያያል። አንድ ካታሊስት፣ አንድ ዓይነት እቶንና አንድ ቀመር በሁለቱ ከተሞች ቢሞከሩ ግፊት የቱቦዎችን ስፋት እንዴት እንደሚለውጥ ያለ ውድ መሣሪያ መመርመር ይቻላል። የጠረፍ ከተማ ቤተ ሙከራዎች ይህን ሁኔታ ለመፍጠር ፓምፕ ያስፈልጋቸዋል፤ ለደቡብ ጎንደር ተመራማሪ ግን ተፈጥሮ ሰጥታዋለች። የሚቀረው ለክቶ መጻፍ ነው።