ስምህን ቀይር፣ ዕድሜህን ቀንስ አሉኝ! ምን ይሻለኛል?

ዓምዱን ሁልጊዜ ነው የምከታተለው፤ ዛሬ ግን ተራው የእኔ ሆነና ግራ ቢገባኝ ብዕሬን አነሳሁ።

የምኖረው ሃያ ሁለት አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 21 ነው። ኳስ እወዳለሁ ከምል ኳስ ውስጥ አደግኩ ብል ይሻላል። አማካይ ተጫዋች ነኝ፤ የሚያውቁኝ ሁሉ "የሱ እግር ኳስ አያባክንም" ይላሉ። አሁን በአንድ አነስተኛ ክለብ እጫወታለሁ። ከልምምድ መልስ ደግሞ ሰፈራችን ባለ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ጥገና እለማመዳለሁ። አባቴን አላውቀውም፤ የምጠራው በእናቴ አባት ስም ነው። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች እያስረከበች ነው ያሳደገችኝ።

ከሁለት ወር በፊት ዲኤስቲቪ ቤት ጨዋታ እያየን ከአንድ ሰውዬ ጋር ተዋወቅን። ስጫወት አይቶኝ እንደሚያውቅ ነገረኝ። ጣሊያን ውስጥ ክለቦች አውቃለሁ፣ ሙከራ አስገባሃለሁ አለኝ። እኔማ ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በኋላ ግን ሁለት ነገር ጠየቀኝ። አንደኛው፣ "21 ዓመት ለአውሮፓ አርጅተሃል፤ 17 ዓመት የሚል የልደት ሰርተፊኬት በሌላ ስም አወጣልሃለሁ" የሚል ነው። ሁለተኛው 180 ሺህ ብር ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመጣህ ቦታህን ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ ብሎኛል።

እናቴ በዚህ ወር ዕቁብ ደርሷታል። ለአዲስ ምጣድና ለቤት ኪራይ ያሰበችው ብር ነው። ብጠይቃት እምቢ እንደማትለኝ አውቃለሁ፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ጓደኞቼ "ዕድል አንዴ ነው የሚመጣው፣ ስም ምን ያደርግልሃል?" እያሉ ይጎተጉቱኛል። እስካሁን ለእሷ ትንፍሽ አላልኩም። እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ።

አማካዩ ነኝ፣ ከሃያ ሁለት

መልስ

ወንድሜ አማካዩ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወደ ምክሩ ከመግባቴ በፊት የአንድ ሰው ታሪክ ላጫውትህ። እሱም እንዳንተ አማካይ ነበር፤ እሱም እንዳንተ እናቱ ያሳደገችው፤ እሱም እንዳንተ ስምህን ቀይር የተባለ ሰው ነው።

ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባላል። አስመራ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. ተወለደ። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር ነበር። እሱ ገና ሕፃን ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣ የፋሺስት ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። እንግዲህ የክልስ ልጅ ኑሮ በዚያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር አንተው ገምት። ለጣሊያኑ ሐበሻ ነው፣ ለሐበሻው ጣሊያን ነው።

ልጁ ግን ሁለት ነገር ያዘ፤ ኳስና የመካኒክነት ሙያ። በአስመራ ክለቦች ተጫወተ፣ በኋላም ወደ ድሬዳዋ ወርዶ በጥጥ ፋብሪካው ቡድን ስሙን አስጠራ። የብሔራዊ ቡድናችንም አምበል ሆነ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። በዚያን ጊዜ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናት ተጋጣሚያችን። ሁለት ጊዜ መርተውን ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 አሸነፍን። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ነው።

አሁን ወዳንተ ጉዳይ የሚያመጣን ነገር ይኸውልህ። ሉቺያኖ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የሚቆመው አምበል ክልስ መሆኑና የጣሊያን ስም መያዙ ያልተዋጠላቸው ሰዎች ነበሩ። ስምህን የኢትዮጵያዊ ስም አድርገው ተባለ። እሱ ግን እምቢ አለ። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማም ከጎኑ ቆመ። ይኸው ዛሬ ታሪክ የሚያውቀው በዚያው በእናት በአባቱ ስም ነው።

ልብ በል፣ ስሙን ቢቀይር የሚጠቅመው ይመስል ነበር። ያውም የጠየቁት ሰዎች ባለሥልጣን ነበሩ እንጂ ዲኤስቲቪ ቤት የተዋወቃቸው ሰውዬዎች አልነበሩም። አንተን ደግሞ የሚጠይቁህ ስምህን ብቻ አይደለም፤ አራት ዓመትህንም ጭምር ነው።

"ታዲያ ዕድሜዬ አልፏል ማለት ነው?" እንዳትለኝ። ሉቺያኖ ያንን ዋንጫ ሲያነሳ 26 ዓመቱ ነበር። የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ከፈለግክ ሽመልስ በቀለን ተመልከት። እሱም አማካይ ነው። በሀገር ውስጥ ክለቦች ተጫውቶ፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ባለፈችበት እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ አፍሪካ ታይቶ፣ ከዚያ በግብፁ ፔትሮጄት ለዓመታት ተጫውቷል። እዚያ ሲገባ ካንተ ዕድሜ በላይ ነበር። አየህ፣ ሰው ያየው ሜዳ ላይ ነው እንጂ ወረቀት ላይ አይደለም።

አሁን ደግሞ የሰውየውን ነገር እንፈትሸው።

አንደኛ፣ ውሸቱ ራሱን በራሱ ያጋልጣል። የፊፋ ደንብ ዕድሜው 18 ያልሞላ ተጫዋች ከሀገር ወደ ሀገር እንዳይዛወር ይከለክላል። የተፈቀዱት ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ወደዚያ ሀገር ሲሄዱ ነው። እንግዲህ 21 ዓመትህን 17 ሲያደርገው በር እየከፈተልህ ነው ወይስ እየዘጋብህ? ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም፣ ወንድሜ።

ሁለተኛ፣ ዕድሜ እንደ ድሮው በወረቀት ብቻ አይታይም። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የእጅ አንጓ አጥንትን በኤምአርአይ ያስመረምራል። በሀገራችንም ለፋይዳ መታወቂያ አሻራ ሰጥተህ ከሆነ፣ ስም ቢቀየር አሻራ አይቀየርም። ሐሰተኛ ሰነድ ማውጣትም መጠቀምም ወንጀል ነው። ነገሩ የታወቀ ቀን ደግሞ ሰውዬው ስልኩን ይዘጋል፣ የምትጠየቀው አንተ ነህ።

ሦስተኛ፣ የተጫዋች ወኪል የሚሆን ሰው ከፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ፈቃዱ የሚገኘው በፈተና ነው። ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ስም ፊፋ በድረ ገጹ ያወጣል። የወኪል ዋጋ የሚሰላው ተጫዋቹ ከሚያገኘው ደመወዝ ላይ ነው እንጂ ከእናቱ ዕቁብ ላይ አይደለም። ስለዚህ ሰውየውን ሦስት ጥያቄ ጠይቀው። ፈቃድህን አሳየኝ። የጋበዘኝ ክለብ ማነው? የግብዣ ደብዳቤውን ለክለቤ በቀጥታ ይላክልኝ። በእውነተኛ ዝውውር ውስጥ ሁለት ክለቦችና ሁለት ፌዴሬሽኖች አሉ። "ለክለብህ አትንገር" ካለህ በቃ፣ መልሱን ሰጥቶሃል።

አራተኛው ትልቁ ነው፤ እናትህ። ሉቺያኖ ስለ ሕይወቱ በጣሊያንኛ መጽሐፍ ጽፏል። የመጽሐፉ ርዕስ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ "እማማ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ" የሚል ነው። አንተ ግን ገና ከመነሻህ "እማዬ፣ ገንዘቡን አምጪ" ልትል ነው። ልዩነቱን እዩኝ እዩኝ እያለ አታየውም?

እምቢ እንደማትልህ ማወቅህ ደግ ልጅ መሆንህን ያሳያል። ግን ደብቀህ አትቆይ። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ አጠገቧ ቁጭ በልና ሁሉንም ንገራት፤ ብሩን ለመጠየቅ ሳይሆን እንድታውቀው ብቻ። ሰውየው ነገ በሌላ መንገድ ወደ እሷ ቢሄድ እንኳ ነቅታ ትጠብቀዋለች። ምጣዱም ይገዛ። ያ ምጣድ ነው እስከዛሬ ታኬታ የገዛልህ።

የቀረውን ነገር ለአሰልጣኝህ አማክረው። በራስህ ስምና በራስህ ዕድሜ ከፍ ወዳለ ሊግ የምትሻገርበትን መንገድ ከሰውየው ይልቅ እሱ ያውቃል። ጋራዡንም አትተው። ሉቺያኖ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አሰልጥኗል፤ በደርግ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1978 ግን ሀገር ጥሎ ለመውጣት ተገደደ። ጣሊያን ሲገባ ማን ነው ያቆመው? ያው የእጁ ሙያ ነው፤ መኪና እየጠገነ ኖረ፣ ሮም አጠገብ ኦስቲያ ለሚኖሩ ልጆችም ኳስ አስተማረ። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ሲያርፍ ኢትዮጵያም ኤርትራም ጣሊያንም የኛ ነው ብለው አለቀሱለት። ልጅነቱን ማንም የኔ ነው ያላለው ሰው!

በመጨረሻ አንዲት ነገር ልበልህ። አንተ በየቀኑ ታክሲ የምትይዝበት የሃያ ሁለት ዋና መንገድ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጎዳና ይባላል። በአንድ ስፖርተኛ ስም ነው የተሰየመው፤ በአባቱ ስም ጭምር። ያንተ አያት ስም ደግሞ እናትህ አስባ የሰጠችህ ስም ነው። መንገድ ባይሰየምለትም፣ ማሊያህ ጀርባ ላይ ያምርበታል።

የወሩ መጨረሻ አልፎ የሆነውን ጻፍልን። እንጠብቃለን።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።