ነርሷንስ ማን ያጽናናት?

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. ባወጣው የአምስት ዓመት ዕቅድ ባለሙያው «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ይሁን አለ። መልካም። ለመሆኑ ከጌዶ፣ ከጉደርና ከጊንጪ ሪፈር ተጽፎለት አምቦ የሚደርሰውን በሽተኛ ስትቀበል የምታድር ነርስ፣ ርኅራኄዋ ሲነጥፍ ከየት ትቅዳ? በየመንደራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤት ያጽናናል። እርሷ ግን ሕፃን ሞቶባት፣ አንሶላ ቀይራ ቀጣዩን ታስተኛለች። ስትቆጣን «ጨካኝ!» እንላታለን። እኔ የርኅራኄ ድካም ነው እላለሁ።

ጀርመናዊቷ የአንጎል ተመራማሪ ታኒያ ሲንገርና ባልደረቦቿ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የሌላውን ስቃይ መጋራት ብቻ የተለማመዱ ሰዎች ሲታወኩ፣ ለተሰቃየው መልካም መመኘትን ሲለማመዱ ግን መንፈሳቸው ተመልሷል። ስለዚህ ትንፋሽን እያዳመጡ ልብን ማሳረፍን «የፈረንጅ ቅንጦት» ከሚሉት ጋር አልስማማም። ሥልጠናው ይምጣ።

እንቅልፍ ነስቶ «ረጋ ብለሽ ተንፍሺ» ማለት ግን ፌዝ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ ያቆሙት ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ እንጂ ትንፋሽ የሚያስተምራቸው አጥተው አልነበረም። መጀመሪያ የዲዩቲ ክፍያዋ በወሩ ይድረሳት፤ ካደረች በኋላ ትረፍ። ሕፃኑ በሞተበት ሌሊት ማግስት ደግሞ፣ ከባልደረቦቿ ጋር ተቀምጣ የምታለቅስበት ግማሽ ሰዓትና በር ያለው አንድ ክፍል ይሰጣት።