ሰማይ አይታረስም፤ ንጉሥ ግን ይከሰሳል

ሕግና ኑሮ

ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ ዳኛ ነው። ስለ ዳኛ ብቻም አይደለም፤ ስለ እናንተም ነው።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ተረት ነበራቸው። ሰማይን በበሬ ማረስ አይቻልም። ንጉሥንም ከዳኛ ፊት ማቆም አይቻልም ማለታቸው ነው። በዚያ ዘመን ተረቱ እውነት ነበር። ድሃው ይከሰሳል፤ ገዢው አይከሰስም።

ዴሞክራሲ የሚባለው ነገር ይህን ተረት ይለውጣል። ዴሞክራሲ ማለት ሕዝብ ገዢውን የሚመርጥበት፣ ገዢውም እንደ ማንኛውም ሰው በሕግ ሥር የሚኖርበት አስተዳደር ነው። ምርጫ ብቻውን አይበቃም። የተመረጠው ሰው ሕግ ሲጥስ «ተው!» የሚለው ያስፈልጋል። «ተው!» ባዩ ዳኛ ነው።

ታዲያ ዳኛ ጠመንጃ የለውም። ያለው ሕግና ብዕር ነው። ፍርዱ በወረቀት ላይ እንዳይቀር የሚያደርገው ማን ነው? የዛሬው ነገራችን ይኸ ነው።

በሕግ አምላክ!

በድሮ ጊዜ ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ይላል። ይህን የተባለ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ አንድ መንገደኛ ጠርተው «ዳኛ ሁነን» ይሉታል። መንገደኛውም በቅሎውን አቁሞ የሁለቱን ነገር ይሰማል። ነገሩ ከከበደ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ እንደ ተቆራኙ ወደ ትልቁ ዳኛ ይሄዳሉ።

ነጠላ ቀጭን ጨርቅ ነው። ጠንካራ ሰው በአንድ ጉተታ ይበጥሰዋል። ግን አይበጥሰውም ነበር። ለምን? ቢበጥሰው አገሩ ሁሉ ስለሚያወግዘው ነው። ያሰረው ጨርቁ አይደለም፤ ሕዝቡ ነው።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ይልቅ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይባላል። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት። ጭብጦ ትንሽ ቂጣ ናት። ሰው በፍርድ ቢሸነፍ ይችለዋል። ያለ ፍርድ ሲነጠቅ ግን ያንገበግበዋል።

ዳኛ ያጡ ባለሥልጣኖች

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዲስ አበባ 60 ያህል ሰዎችን በአንድ ሌሊት ገደለ። ከእነርሱ መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሩ። እነርሱም አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ናቸው። ክሳቸው በፍርድ ቤት አልተሰማም። ጠበቃ አልቆመላቸውም። አገር ያስተዳደሩ ሰዎች በመጨረሻው ሰዓት አንድ ዳኛ አጡ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሺህ ተራ ሰው እንዲሁ ያለ ፍርድ ሞተ። አንድ ጊዜ ያለ ፍርድ መግደል ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። ዛሬ ለጠላትህ ነው ብለህ ዝም ያልኸው ነገር ነገ ወደ አንተ ቤት ይመጣል።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። ባለሥልጣኖቹ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ቀረቡ። ጠበቃ ቆመላቸው፤ ምስክር ተሰማ። ፍርዱ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። ክርክሩ 12 ዓመት ፈጀ። ለሌላው ሰው ዳኛ የነፈጉ ሰዎች ለራሳቸው ዳኛ አስፈለጋቸው። ነገሩን ልብ በሉት። ፍርድ ቤት የዛሬ ድሃ መጠጊያ ነው፤ የነገ ሹም መጠጊያም ነው።

ከበር ያላለፈ ፍርድ

ሁለተኛው ነገር በ1993 ዓ.ም. የሆነ ነው። የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳያቸው ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ከሚባሉ ወጣት ዳኛ ዘንድ ቀረበ። ዳኛዋ ሕጉን አይተው «በዋስ ይለቀቁ» ሲሉ አዘዙ።

አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ እንደ ወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ ወጣ። አቶ ስዬ ከእስር የወጡት በ1999 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ «አቶ ስዬ ጥፋት አለባቸው ወይስ የለባቸውም?» አንልም። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ዳኛዋ የድርሻቸውን ሠሩ። ሥልጣን ያለውን ክፍል አልፈሩም። ፍርዳቸው ግን ከፍርድ ቤቱ በር አላለፈም። የዳኛ ድፍረት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንረዳለን።

ወይዘሪት ብርቱካን በኋላ ወደ ፖለቲካ ገቡ። ሁለት ጊዜ ታሰሩ። ከአገር ወጥተው ኖሩ። በ2011 ዓ.ም. ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፤ እስከ 2015 ዓ.ም. ሠሩ።

ዳኞችና ገበሬዎች በማላዊ

ፍርድ ከበር ያለፈበት አገርስ አለ? አለ። ማላዊ በአፍሪካ ደቡባዊ ክፍል የምትገኝ አገር ናት። እንደኛው አብዛኛው ሕዝቧ ገበሬ ነው። እኛ ጤፍና ገብስ እንደምንዘራ እነርሱ በቆሎ ይዘራሉ።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. በማላዊ ምርጫ ተደረገ። በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት «አሸነፉ» ተባለ። ነገር ግን የድምፅ ቆጠራው ወረቀቶች ሲታዩ አንዳንዱ ቁጥር በነጭ ማጥፊያ ቀለም ተሸፍኗል። በላዩ ሌላ ቁጥር ተጽፎበታል። ተቃዋሚዎች ከሰሱ። ንጉሥ አይከሰስ የተባለው ቀረ፤ የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ከዳኛ ፊት ቀረበ።

ነገሩን የያዙት አምስት ዳኞች ነበሩ። አንድ ሀብታም ሰው ጉቦ ሊሰጣቸው ሞከረ። ዳኞቹ አልተቀበሉም። ለአለቃቸው ተናገሩ፤ ሰውየውም በኋላ ተፈረደበት። የፍርዱ ቀን ዳኞቹ ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ለብሰው፣ በወታደር ታጅበው ችሎት ገቡ። በጥር 2012 ዓ.ም. 500 ገጽ ያህል ፍርድ አነበቡ። «ምርጫው ተሰርዟል፤ እንደገና ይደረግ» አሉ።

ሕዝቡስ ምን ሠራ? ለብዙ ወራት በከተሞች አደባባይ ወጥቶ «ድምፃችን የት ገባ?» እያለ ጠየቀ። በኋላም መንግሥት የአገሪቱን የበላይ ዳኛ ከጡረታቸው በፊት ፈቃድ ይውጡ ብሎ ከሥራ ሊያርቃቸው ፈለገ። ያን ጊዜ ጠበቆችና ዜጎች ሰልፍ ወጡ። «ዳኞቻችንን አትንኩ» አሉ። ሐሳቡም ከሸፈ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ምርጫው ተደገመ። ፕሬዚዳንቱ ተሸነፉ፤ ሥልጣናቸውንም አስረከቡ።

ዳኞቹ ለሕዝቡ ቆሙ። ሕዝቡም ለዳኞቹ ቆመ። እንደዚያ ነጠላ፣ አንዱ ከአንዱ ጋር ተቋጥሮ ነበር።

በእኛስ አገር?

«ይኸ የትልልቅ ሰዎች ነገር ነው፤ እኔ የመካነ ሰላም ገበሬ ምን አገባኝ?» የሚል አይጠፋም። እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አለች እንበል። ጎረቤቷ ጉልበተኛ ነው። በየዓመቱ ድንበር እየገፋ ሁለት ትልም፣ ሦስት ትልም ያርስባታል። ሴትዮዋ ትከሳለች። አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄዳ፦

«አባባ፣ ድንበሩ ሲተከል አንቱ ነበሩ። ያዩትን ለዳኛው ይንገሩልኝ» ትላለች።

«እውነትሽን ነው ልጄ፣ ነበርሁ። ግን ሰውየው የቅሬያችን ሰው ነው። ነገ ብሞት የሚቀብረኝ እሱ ነው። እኔን ተዪኝ» ይሏታል።

የቀጠሮው ቀን ይደርሳል። ምስክር የለም። ዳኛው ያልሰማውን ሊፈርድ አይችልም። ሴትዮዋ መሬቷን ታጣለች። ሰው ሁሉ «ዳኛው ጉቦ በልቶ ነው» ይላል። ፍርዱን የገደለው ማን ነው? ዳኛው ነው ወይስ ዝም ያሉት ሽማግሌ?

ማላዊ ላይ ፍርዱን ያቆመው ሕዝብ የተሠራው እንዲህ ባለው ትንሽ ነገር ነው። ለጎረቤቱ ድንበር እውነት መናገር ያልቻለ ሕዝብ ለአገር ምርጫ እውነት ሊናገር አይችልም።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ስለዚህ ነገር ይናገራል። አንቀጽ 79 ዳኛ ነጻ ነው፣ ከሕግ በቀር የሚያዘው የለም ይላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ በ48ቱ ሰዓት አይቆጠርም። ከዓባይ ሸለቆ ቆላ ተይዞ ዳገቱን ወጥቶ መካነ ሰላም ለሚደርስ ሰው ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል። መንገዱ ግማሽ ቀን ከሆነ ግማሽ ቀን ነው፤ ሳምንት አይሆንም። አንቀጽ 20 ደግሞ ክስ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ችሎት ይሰማ፣ ሰውም ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠር ይላል።

ከባድ ጊዜም አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን ጦርነት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ በ2016 ዓ.ም. ተራዝሞ ነበር። በእንዲህ ያለ ዐዋጅ ጊዜ አንዳንድ መብት ሊታገድ ይችላል። ዐዋጅ ግን ቀን ተቆርጦለት የሚታወጅ ነው። ቀኑ ሲያልቅ የታገደው መብት ይመለሳል። መመለሱን የሚያውቅና የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ግን እንደ ታገደ ይቀራል።

እኛ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሳታነቡ አትፈርሙ። ትናንት በማታውቁት ወረቀት ላይ ጣታችሁን ቀለም ነክራችሁ ታትሙ ነበር። ዛሬ ማንበብ ችላችኋል። የመሬት ደብተራችሁን፣ የክስ ወረቀታችሁን፣ ቃላችሁ የተጻፈበትን ገጽ ራሳችሁ አንብቡት።

ሁለተኛ፣ ያያችሁትን መስክሩ። ያላያችሁትን አትመስክሩ።

ሦስተኛ፣ በማታ ማርና ሙክት ይዛችሁ ወደ ዳኛ ቤት አትሂዱ። ጉቦ የቀመሰ ዳኛ ነገ ከእናንተ የበለጠ ለሰጠው ይፈርዳል።

አራተኛ፣ ችሎት ክፍት ሲሆን ገብታችሁ አዳምጡ። ሕዝብ የሚያየው ዳኛ ይጠነቀቃል።

አምስተኛ፣ ሰው ሲያዝ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። «መቼ ፍርድ ቤት ይቀርባል?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ።

ስድስተኛ፣ ፍርድ ቢጎድልባችሁ ይግባኝ በሉ። ከወረዳው በላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አለ። ከዚያም በባሕር ዳር ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። ዳኛው ራሱ ካጠፋ ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቤት ይባላል። ጠመንጃ አታንሡ። ደም መመለስ ነገር አይጨርስም፤ ለልጅ ያወርሳል እንጂ።

በሽማግሌና በአበጋር መታረቅም መልካም ነው። ቀሳውስቱና ሸኾቹ አብረው ሲያስታርቁ ወሎ ድሮም ያውቃል። እርቁ ግን ደካማውን አስፈራርቶ ዝም የሚያሰኝ አይሁን።

የከተማችን ስም መካነ ሰላም ነው። የሰላም ቦታ ማለት ነው። ሰላም ከፍርድ ይወለዳል። ዳኛው ይፍረድ፤ እኛም ፍርዱን እንያዘው። ነጠላውን የሚበጥስ ሲመጣ «በሕግ አምላክ!» የሚል ሰው አይጥፋ።

የቃላት ትርጉም

ዋስትና፦ ተጠርጣሪ በቀጠሮው እንደሚቀርብ ሰው ወይም ገንዘብ መያዣ ሆኖለት ከእስር የሚለቀቅበት መንገድ።
ችሎት፦ ዳኛ ተቀምጦ ነገር የሚሰማበት ቦታ።
ይግባኝ፦ ፍርድ ጎደለብኝ ብሎ ከፍ ወዳለ ፍርድ ቤት አቤት ማለት።

እንወያይበት

1. የሴትዮዋን መሬት ያሳጣት ማን ነው? ለምን?
2. ሽማግሌው እንዳይፈሩ ቅሬው ምን ሊያደርግ ይችላል?
3. ሰው ሲያዝ በስንት ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት? የመንገዱ ጊዜስ?