የታሪክ ምሁሩ ካሜራ ፊት ሲቆም

እንግሊዛዊው ማይክል ውድ በኦክስፎርድ የአንግሎ ሳክሰንን ዘመን ሲያጠና ቆይቶ፣ ዶክትሬቱን ሳይጨርስ ጥሎ ጋዜጠኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በቢቢሲ የመካከለኛውን ዘመን ነገሥታት ታሪክ ሲተርክ ብዙ ተመልካች አገኘ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ትምህርቱን ለዝና ሸጠው» ይል ይሆናል። ሥራው ግን ሌላ ነው የሚናገረው።

በ2010 የቀረበውን ስለ ኪብዎርዝ የሠራውን ተከታታይ ፊልም ማየት ይበቃል። ኪብዎርዝ መሀል እንግሊዝ ያለች ተራ መንደር ናት። ነዋሪዎቹ ጓሯቸውን ቆፍረው የሸክላ ስብርባሪ አወጡ። የኦክስፎርዱ መርተን ኮሌጅ ደግሞ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንደሯ ባለርስት ስለነበር መዝገቡን አላጠፋም። ማን ምን ያህል መሬት እንዳረሰ፣ ምን እንደገበረ ተጽፏል። ንጉሥ የለም፣ ጦርነትም ጥቂት ነው፤ ገበሬው ግን በስሙ ይጠራል።

ይኸው ሰው ኢትዮጵያም መጥቷል፤ የመጣው ግን ንግሥተ ሳባን ፍለጋ ነው። በ2005 የታየው ያ ተከታታይ ስለ አፈ ታሪክ ስለነበር አይፈረድበትም፤ የእንግሊዞቹን ንጉሥ አርተርንም በዚያው ፈትሿል። ቁጭቱ ሌላ ነው። የኢትዮጵያን ኪብዎርዝ ማን ይሥራ? ሰነዱ እንደሆነ አለ። የጥንት ነገሥታት ለገዳማት የሰጡት ጉልት በወንጌል ብራናዎች ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ፣ ከነምስክሮቹ ስም ተጽፏል። የታደሰ ታምራትና የሥርግው ሀብለ ሥላሴ ትልልቅ መጻሕፍት ሁለቱም በ1972 ታትመዋል፤ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ግን ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ብዙም አልወጡም።

ስክሪኑ ባዶ አልቀረም። «ያ መሬት የማን ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ብራና ገልጦ የማያውቅ ሰው ማታ ማታ በዩቲዩብ ይፈርድበታል፤ በዚያ ፍርድም ጎረቤት ከጎረቤት ይቃቃራል። ምሁሩ ደግሞ «ቴሌቪዥን ያረክሰኛል» ብሎ ዝም ይላል፤ ዕድገት የሚያገኘውም በዋናነት በጆርናል ጽሑፍ እንጂ ለሕዝብ በተናገረው አይደለም። (ተናግሮ የሚደርስበት ስድብም ቀላል አይደለም፤ ይህ ሊካድ አይገባም።)

ውድንም ቢሆን የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ታሪክን ለሕዝብ በማቅረብ ዘርፍ ፕሮፌሰር ያደረገው በ2013 ነው፤ በስክሪን ከ30 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ።